«ሎው ዲ ነው» ብላችሁ የምትሸጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ሜትር ግዙ

አቦ ዛሬ ይሄን ካልተናገርኩ እንቅልፍም አይወስደኝ። ሎው ዊስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁ ደግሞ በአየርላንድ ሙዚቃ ላይ የምትሰሙት ያ ወፍራም፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ያለው ረጅም ቱቦ ነው። «ሎው ዲ» የሚባለው ደግሞ መነሻ ድምፁ ወፍራሙ ዲ ኖታ የሆነው ነው። ስድስት ቀዳዳ አለው፣ እንደኛ ዋሽንት ጠርዙ ላይ ከንፈር አስተካክሎ መንፋት የለም፣ አፉ ላይ የአየር መንገድ ተሰርቶለታል። እኔ በዋሽንት ነው የጀመርኩት፣ ትዝታን በዛ ወፍራም ድምፅ ለመጫወት ዓመት ሙሉ ስመኝ ከረምኩ።

እዚህ ድሬ ከዚራ ዞርኩ፣ ታይዋን ገበያ ዞርኩ፣ አሸዋ ድረስ ሄድኩ፣ የለም። አንዱ ሱቅ «ዊስል አለ?» ስል ልጁ የዳኛ ፊሽካ ከነገመዱ አውጥቶ ሰጠኝ። እሱ ላይ አልፈርድም፣ ከየት አይቶት ያውቃል? እኔን የሚያበግነኝ አውቃለሁ የሚለው ነው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ «ሎው ዲ ኦሪጅናል» ብሎ ለጠፈ። ፎቶው ላይ ዕቃው ብቻውን ተጋድሟል፣ አጠገቡ እስክሪብቶ እንኳ የለም እንዴት ብለህ ትገምተዋለህ። ስንት ሴንቲ ነው ብዬ ጻፍኩለት፣ «ትልቁ ነው እህቴ አታስቢ» አለኝ፣ አላሰብኩም ብሩን ላኩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፣ ገና ፓኬቱን ስቀበል ልቤ ስንጥቅ አለ፣ ቀላል ነው አጭር ነው። ቤት ገብቼ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፣ ከተማሪ ማስመሪያ ጋር እኩል፣ 30 ሴንቲ! ደወልኩ። «ዲ አይደል እንዴ የፈለግሽው? ዲ ዲ ነው» ብሎኝ እርፍ።

አዎ ዲ ነው፣ ግን አንድ ሙሉ ኦክታቭ ከላይ፣ ማለትም ያው ኖታ በቀጭኑ የሚደገምበት ላይ ያለው ዲ ነው! ቱቦ እጥፍ ሲረዝም ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሎው ዲ ወደ 60 ሴንቲ መሆን አለበት፣ በቃ ይሄው ነው። ዋሽንት ነፊዎቻችን እኮ የተለያየ ቁመት ያለው ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚሁ ነው፣ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ይሄን ካላወቀ ምኑን ነው የሚሸጠው?

ሁለተኛውን ዘመድ ከውጭ አመጣችልኝ፣ እሱስ እውነተኛ ነው፣ አሉሚኒየም፣ 60 ሴንቲ ገደማ። ግን ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው የተራራቁ ናቸው፣ የኔ እጅ ደግሞ ትንሽ ነው። የታችኛው እጅ የቀለበት ጣት ቀዳዳውን በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ያ ወፍራሙ ድምፅ አይወጣም፣ ይንጫረራል። ሁለት ሳምንት ጣቴን እየወጠርኩ አንጓዬ ታመመ፣ በኋላ ነው በጣት ጫፍ ሳይሆን ጣትን ዘርግቶ በመሃለኛው ሥጋ መድፈን እንዳለበት ከቪዲዮ ያየሁት። ትንፋሹም ሌላ ነው፣ ታች ያሉትን ኖታዎች ጠንከር አድርገህ ከነፋህ ዘሎ ላይኛው ኦክታቭ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ለስለስ ብሎ ግን ብዙ አየር ይፈልጋል።

የድሬ ሙቀትስ! ከሰዓት ከኪቦርድ ጋር ስንለማመድ ኪቦርዲስቱ «ፎልስ ነሽ»፣ ከድምፁ ወጥተሻል ይለኛል፣ እኔ ጆሮዬ ተበላሸ እንዴ ብዬ ስጨነቅ ከርሜ ለካ አየር ሲሞቅ ድምፅ ቶሎ ነው የሚሄደው፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ኪቦርዱ ምን ገዶት፣ ድምፁ በሙቀት አይወጣ! ስላይድ፣ ማለትም የሚሳብ አፍ ያለው ቢሆን ሳብ አድርጌ ትንሽ አስረዝሜው አወርደው ነበር፣ የኔው ግን አንድ ወጥ ነው አይሳብም። ይሄንንም የነገረኝ የለም፣ «ትልቁን ግዢ፣ ድምፁ ያምራል» ብቻ።

ይሄ መሳሪያ እኮ እንዲህ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ በርናርድ ኦቨርተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው የሰራው፣ ፊንባር ፉሬ የሚባለው አየርላንዳዊ ሙዚቀኛ የቀርከሃ ዊስሉ ተሰብሮበት መጠገን ሲያቅት በብረት ሰራለት። ቀርከሃ ነበር ስል ገባችሁ? ከኛ ዋሽንት ጋር ያን ያህል ባዳ አይደለም፣ ለዚህ ነው እንዲህ አንጀቴን የሚበላኝ።

ሻጮች፣ ቁመቱን ጻፉ፣ ኪውን፣ ማለትም መነሻ ኖታውን ጻፉ፣ ስላይድ አለው የለውም ጻፉ፣ አስር ሰከንድ ነፍታችሁ በቮይስ ላኩ። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ «ገዝተሽ ንፊው» አትበሉ፣ ጣት ሳይደርስበት እንዴት ይገዛል? ምራቁ ካስጨነቃችሁ በአልኮል ይጠረጋል፣ ጥጡን እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ድሬም ሆነ ሐረር ስላይድ ያለው ሎው ዲ የሚሸጥ ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ቅዳሜ በጠዋት ሙቀቱ ሳይጀምር ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ነፍቼ ነው የምገዛው።