መከራ ሁሉ ቅጣት አይደለም
ይህን አስተያየት የምጽፍበት ጽሑፍ «የሰው መከራ የገዛ ኃጢአቱ ፍሬ ነው» ማለቱ ስህተት ነው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሏል (ዮሐንስ 9)፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎችም (ሉቃስ 13) ከሌላው የባሱ በደለኞች አልነበሩም። እናቴ ኩላሊቷን ታማ፣ ከእጥበት ስትወጣ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ሳናርፍ አንመለስም ነበር። ከሕመሙ ይልቅ የሰበራት «ምን በድለሽ ይሆን?» የሚሏት ጠያቂዎች ናቸው። የኢዮብ ወዳጆች እኮ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ ነበሩ፣ ያጠፉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከላይ በአስተያየትሽ «ታዲያ እግዚአብሔር ለምን ዝም ይላል?» ያልሽው እህቴ፣ ሙሉ መልስ የለኝም። ግን ክርስቶስ ራሱ መስቀል ላይ «ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል፤ እናቴ በመጨረሻዋ ሌሊት የያዘችው ይህንኑ ጩኸት ነበር።