ምሰሶው ይቁም፣ ሕዝቡም ይጠለል

ከደሴ ብዙም ከማትርቅ ከተማ የስታዲየም ጣሪያ ንድፍ ለንደን ለምንኖር ተወላጆች ተልኮልን መዋጮ ተጠይቀናል። ሥዕሉ ያማረ ነው። ነጭ ሸራ ከኋላ ብቻ ተይዞ እንደ ክንፍ ተዘርግቷል፤ ከፊት አንድም ምሰሶ የለውም። ከሥሩ የተቀመጠውን የወጪ ዝርዝር ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። ሸራው ከውጭ ይገባል፤ የሚወጥረው ባለሙያም ከውጭ ይመጣል፤ ለሁለቱም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ምንዛሪው እስኪገኝ ሕዝቡ ዝናብ ላይ ይቀመጥ ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ ኳስ ያየ ሰው ንዴቴ ይገባዋል። የውድድር ዘመኑ ጥቅምት ገደማ ጀምሮ ወደ ሰኔ የሚዘልቅ በመሆኑ ክረምቱን ብናመልጥ እንኳ በልጉ መሀል ላይ ያገኘናል። ጦሳ ተራራ ላይ ደመናው ሲከብድ ደጋፊው ከኳሱ ይልቅ ሰማዩን ማየት ይጀምራል። ከዚያ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ይወርዳል። ወጣቱ ካርቶን ራሱ ላይ ደፍቶ ይቆያል። አባቶች ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድባቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ልጅ ያዘለች እናት ደግሞ መጀመሪያውኑ አትመጣም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ችግሩ ፀሐይ ይሆናል።

እኔ የምኖረው ከፉልሃም ክለብ ሜዳ ከክሬቨን ኮቴጅ ብዙም ሳልርቅ ነው። የሜዳው አንደኛው ጎን ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ አርቺባልድ ሊች ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራ ነው። መቀመጫው እንጨት፣ ጣሪያው በብረት ምሰሶዎች የቆመ ነው። ምሰሶዎቹ ከተመልካቹ ፊት ናቸው። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ኳሱ ወደ ምሰሶው በተጠጋ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ግራ ያዘነብሉ ነበር፤ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ዝናቡ ከጣሪያው ጠርዝ እየተንጠባጠበ እርሳቸው ግን ጉልበታቸው እንኳ አልራሰም። በዓለም ሀብታም በሆነው ሊግ የሚጫወት ክለብ ደጋፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ በምሰሶ መሀል ኳስ አይተዋል። ይህ ጎን ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቦ ይጠበቃል። እኛ ዘንድ ግን ምሰሶ ያለው ጣሪያ «ለደረጃችን አይመጥንም» ተባለ። የተናደድሁት በዚህ ነው። በበረዶ ከመደብደብ የከፋ ምን የደረጃ ዝቅታ አለ?

የምሰሶው ነገር በገንዘብ ሲመዘን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ወራጅ (ጣሪያውን የሚሸከመው አግዳሚ) ርዝመቱና ጭነቱ እኩል ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱም ጫፎቹ ከተደገፈ ወራጅ አራት እጥፍ የመታጠፍ ኃይል ይሸከማል። ጫፉ የሚጎብጥበት መጠን ደግሞ ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ለመቋቋም ብረቱ ይወፍራል፤ ከኋላ የሚይዘው መሠረትም ትልቅ አርማታ ይሆናል። ምሰሶውን ከፊተኛው ጠርዝ ጥቂት ረድፎች ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማቆም፣ ጣሪያውንም ከምሰሶው አልፎ ወደ ሜዳው ትንሽ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ እይታው የሚጋረደው ለጥቂት መቀመጫዎች ብቻ ነው። እነዚያን መቀመጫዎች በርካሽ መሸጥ ነው።

ዕቃውም ከአገር ውስጥ ይገኛል። ቱቦላሬና ላሜራ የሚበይድ ባለሙያ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ኢጋ ቆርቆሮ ማንኛውም ቆርቆሮ ቤት አለ፤ አንዱ ቢቀደድ በማግሥቱ ይቀየራል። በፕላስቲክ የተለበጠው ሸራ ግን ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ዓመት ነው። ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል? አሁን በመዋጮ የገባው ያኔም በመዋጮ ሊቀየር ነው?

ርካሽ ስል ግን በግዴለሽነት ይሠራ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ላይ እሳት ተነሥቶ 56 ሰዎች ሞተዋል። መቀመጫው እንጨት ነበር፣ ከሥሩ ቆሻሻ ተጠራቅሟል፣ ጣሪያውም እንጨትና ሬንጅ ስለነበረ እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም በላው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ተብሎ ለወራጅና ለማገር እንዳይገባ፤ መውጫ በሮችም ጨዋታ ባለበት ሰዓት እንዳይቆለፉ። ነፋሱም አይናቅ። ፊቱ ክፍት በሆነ ጣሪያ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቀላል ነው። ምሰሶው ከመሠረቱ ጋር በሚገባ ካልታሰረ ጣሪያው ተነቅሎ ሰፈር ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር የለም።

«ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ካልከደንን» ማለቱም ገንዘቡን ይበትነዋል። መጀመሪያ የምዕራቡ ጎን ይከደን። ጨዋታ የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። በምዕራብ በኩል የተቀመጠ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን ከላይ ያለው ክዳን በትክክል ይከልለዋል። በምሥራቅ በኩል ያለው ግን ዝቅ ያለችው ፀሐይ በጣሪያው ሥር ገብታ ፊቱን ትመታዋለች፤ ለእርሱ ክዳኑ የሚጠቅመው ለዝናብ ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል፤ ከኋላ አሸንዳ ይኑረው። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ሲጥል 6,000 ሊትር ያህል ውኃ ይወርድበታል። ሮቶ ቢቀመጥለት የሜዳውን ሣር ያጠጣል።

ወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ስታዲየም ያገኘችው ሼህ መሐመድ አላሙዲ ወጪውን ችለው ነው። እግዜር ይስጣቸው። ለየከተማው ግን እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ እንኳ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ጣሪያው ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፎ ስንት ክረምት አለፈ! የመንግሥት አቅም እንዲህ ከሆነ የእኛ ከተማ በምን አቅሟ ነው ያንኑ ዓይነት ክዳን የምትመኘው?

በርሊን ውስጥ የኡኒዮን ክለብ ደጋፊዎች ሜዳቸው ሊዘጋ ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 ራሳቸው ወጥተው አድሰውታል። ከ2,000 በላይ ሰዎች ወደ 140,000 የሚጠጋ የሥራ ሰዓት በነፃ ሰጥተው፣ ቆመው የሚያዩበትን ቦታ አርማታውን ሞልተው ክዳን አልብሰውታል። ደቦ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። አዝመራ በደቦ የሚያነሣ ሕዝብ የመሠረት ጉድጓድ መቆፈርና ድንጋይ ማቅረብ አያቅተውም። ብየዳውንና ከፍታ ላይ የሚሠራውን ባለሙያ ይያዘው፤ ሌላውን ሕዝቡ ይችለዋል። ሸራ ለመወጠር ግን ማንም አይጠራውም።

ይህንኑ ለመዋጮው አስተባባሪዎች ጽፌላቸዋለሁ። የምዕራቡ ጎን ብቻ በምሰሶና በቆርቆሮ ቢሠራ ስንት እንደሚያወጣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ አስጠንተው ይላኩልን። ያ ወረቀት ከደረሰን እዚህ ያለነውን ማሰባሰቡ የእኛ ሥራ ነው።