ኢንቹን ያየ ዓይን ይባረክ

በዓል ሲቃረብ ወይም ዕቁብ ሲወጣ ወደ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚጎርፈውን ሸማች ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ቴሌቪዥን የመምረጥን ጥበብ በአንዲት ቁጥር አጠቃልሎ መያዙን ሳያደንቅ አያልፍም። ሌላው ስለ ፓነሉ ዓይነት፣ ስለ ብርሃኑ ጉልበት፣ ስለ ድምፁና ከጀርባው ስላሉት መሰኪያዎች ሲጨነቅ ይውላል፤ የእኛ ሰው ግን ገና ከደጃፉ ላይ «ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሲሰማም ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት ነው። ደህና ባለ 43 ኢንች የሚገዛ ገንዘብ ይዞ ሄዶ በእርግጥም ባለ 43 ይዞ የሚመለስ ሰው ካለ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ እንግዳ አይመጣበትም። ብልህ ገዢ በዚያው ገንዘብ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ባለ 55 ያነሣል። አንዳንዱማ ስሙ ከታዋቂው ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ሶፋው ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ልዩነቱ አይነበብም።

ቁጥሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ በመሆኑ ባለ 55ቱ ወደ 140 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከባለ 43ቱ ጋር ሲተያይም የስክሪኑ ስፋት በ64 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስፋቱ በዚህ መጠን አድጎ ዋጋው ባለበት ሲቆም፣ ከውስጥ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ መጠርጠር የምቀኛ ሥራ ነው። በእርግጥ ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት አምፖሎች ሳሳ ብለው ጠርዙ ጨለም፣ መሐሉ ፈካ ይል ይሆናል፤ ራም የሚባለው የሥራ ማስታወሻው 1 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ዩቲዩብ እስኪከፈት ድረስ ቡናው ሊፈላ ይችላል፤ ድምፁም ወደ ታች በዞሩ ሁለት ቀጫጭን ስፒከሮች ስለሚወጣ ዜና አንባቢው ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚናገር ይመስላል። ይሁንና እነዚህ ሁሉ የሚታወቁት ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ የምርጫው አካል አይደሉም።

ገዢው ብቻውን እንደማይሄድም መዘንጋት የለበትም፤ «ቲቪ የሚያውቅ ሰው» ይዞ ነው የሚሄደው። አዋቂው ደርሶ ሳጥኑን ከጀርባ በጣቱ ቋ ቋ ያደርገዋል፣ አንዱን ጠርዝ አንሥቶ ክብደቱን ይመዝናል፣ ከዚያም ምንም ሳይናገር ራሱን ይነቀንቃል። ስክሪኑ ላይ በፍላሽ የተጫነ ቪዲዮ ሲሽከረከር ይውላል፤ ጣዎስ ላባዋን ትዘረጋለች፣ ማር ከማንኪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ የተቆረጠ ብርቱካን ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ሻጩም በትሕትና ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፎር ኬ ነው፤ ኦሪጅናሉ! እርስዎ ስለሆኑ ነው በዚህ ዋጋ የምሰጥዎት» ይላል። በዚህ ሰዓት «እስቲ ከዲሽ የሚመጣ አንድ ጣቢያ ክፈትልኝና የሰው ፊት ልይበት» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ በጣዎስ የተጀመረ ጨዋታ በጣዎስ ማለቅ አለበት። ደግሞስ ዋስትናው የት ነው የሚጠገነው፣ መለዋወጫ ይገኛል ወይ ብሎ የሚያደርቅ ሰው፣ ሊገዛ መጣ ወይስ ሊመረምር?

የጥበባችን ጫፍ ግን የሚታየው ቤት ከተገባ በኋላ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል የለበሰችው አሮጌ ሪሲቨር አሁንም በሥራ ላይ ናት፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላት ያቺው ኬብልም ከቀድሞው ቴሌቪዥን ተነቅላ አዲሱ ላይ ተሰክታለች። ቀይና ነጩ ድምፅ ነው የሚወስዱት፤ ሥዕሉን የምትሸከመው ቢጫዋ ብቻዋን ናት፤ እሷም ብትጥር ብትግር ከ720 በ576 ነጥብ የበለጠ ሥዕል አታሳልፍም። ባለ 4ኬው ስክሪን ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይዞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሁለቱን ያካፈለ ሰው ድርሻው ልክ 20 ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ከዲሹ ለምትመጣው ለእያንዳንዷ ነጥብ ቴሌቪዥኑ 19 ጎረቤት ከራሱ እየፈጠረ ያቆምላታል ማለት ነው፤ እኛም ከሃያ እጅ አሥራ ዘጠኙ እጅ ፈጠራ የሆነ ዜና በሰፊው ስክሪን እንከታተላለን። ሪሲቨሯ ከቢጫዋ የበለጠ የጠራ ሥዕል የሚያሳልፍ ኤችዲኤምአይ የሚባል መሰኪያ እንዳላት፣ እሱም አቧራ እንዳይገባበት በጥቁር ላስቲክ እንደተደፈነ እስካሁን መኖሩን ጀርባዋን ያየ ሁሉ ያውቃል። የኬብሉ ዋጋ ቴሌቪዥኑን ቤት ካደረሰው ኮንትራት ታክሲ ሒሳብ አይበልጥም፤ ነገር ግን ክቡር ገዢያችን ምራቂ የሚጠይቀው የግድግዳ መስቀያ እንጂ ኬብል አይደለም። ኬብል እንግዳ አያየውም።

ሥዕሉ የድሮ ፕሮግራም ሆኖ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ሲቀር ደግሞ ወዲያው ተለጥጦ ሙሉ ስክሪን እንዲሆን ይደረጋል፤ የተከፈለው ለ55 ኢንች ሙሉ ነውና። ድምፃዊው በአንድ ጊዜ ይወፍራል፣ የመኪናው ጎማ እንቁላል ይሆናል፣ ባለቤቱም ገንዘቡን ያወጣል።

ቀለሙንም ቢሆን ማንም እንዳይነካው አጥብቄ እመክራለሁ። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ሲበራ፣ የምኖረው ቤት ነው ወይስ ሱቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ አባወራው ቸኩሎ ሱቅ የሚለውን ከመረጠ ብርሃኑ እስከ ጣሪያው ይፈነዳል፣ ቀለሙ ይጮኻል፣ ከታች በኩልም ስለ ዕቃው ሙያ የሚናገር ማስታወቂያ በየጊዜው ብቅ ይላል። ሌላው ዓለም ይህን ለማጥፋት ሲደክም እኛ እንጠብቀዋለን፤ እንግዳው ጠይቆ ከሚያውቅ አንብቦ ቢያውቅ ይሻላል። በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀምሮ ቀለም ለማየት እስከ 1977 ዓ.ም. የጠበቀ ተመልካች፣ ዛሬ ቀለሙን እስከ 100 ቢከፍተውና ጋዜጠኛዋ ብርቱካን ብትመስል ማን ይወቅሰዋል?

አሰቃቀሉም የራሱ ሥርዓት አለው። አንገት ለማያሳምም እይታ የስክሪኑ መሐል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ቢተካከል፣ ማለትም ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃው ነበር። እኛ ግን የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ይሰቀል በነበረበት ከፍታ፣ ከኮርኒሱ ሥር እንሰቅለዋለን። በርካሽ ፓነሎች ዘንድ የተለመደው ቪኤ የሚባለው ዓይነት ፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁሩ ያማረ ነው፤ ከጎን ወይም ከሥር ሲያዩት ግን ይገረጣል። ታዲያ በኤል ሼፕ ሶፋ ጥግ የሚቀመጠው እንግዳ የገረጣውን፣ ከሥር ቀና ብለው የሚያዩት ልጆችም ሌላ የገረጣ ዓይነት ያያሉ፤ ትክክለኛውን ቀለም የሚያየው በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ብቻ ነው። ስለ 4ኬውም ካነሣን፣ ጤነኛ ዓይን የ4ኬን ሩብ ያህል ነጥብ ብቻ በያዘ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ እንኳ ነጥቦቹን ለያይቶ የሚያየው 1.7 ሜትር ያህል ሲቀርበው ነው፤ ባለ 55 ላይ እንኳ ከ2.2 ሜትር ገደማ በኋላ አይለያቸውም። ሶፋው 3 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ፣ ከዚያ ሆኖ የሚታየው 4ኬ ጥግ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት፤ እሷንም ለዚህ ብለን አልላጥናትም።

በኢንተርኔት እንየው ለሚል ደግሞ ጥራቱ የተሟላ የ4ኬ ፊልም በሰዓት ወደ 7 ጊጋባይት ሊበላ እንደሚችል ነግሬ አልፋለሁ፤ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል።

ማታ ማታ ሪሞቱ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ ስክሪኑ ከላይ ያበራል፣ ከሥሩ ደግሞ ልጁ ቲክቶክ፣ እናት ድራማ፣ አባትም የኳስ ጎል በየስልካቸው ያያሉ። ይህ ለቴሌቪዥኑ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ሥራው መታየት እንጂ ማሳየት አይደለም። ሥራውንም እየሠራ ሳለ ነው ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ባለ 65 አስገቡ የሚል ወሬ የተሰማው። እማወራዋ አዲስ ዕቁብ ገብተዋል። የባለ 65ቱ ወርድ 144 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በበሩና በመስኮቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አይበቃም፤ መስኮቱ ግን ከድሮም ብርሃን እያስገባ ስክሪኑን ሲያንጸባርቅ የኖረ ስለሆነ እንዲደፈን በቤተሰቡ ሙሉ ድምፅ ተወስኗል።