ማስተካከያ፦ የልጆች የመንጋጋ እጢ ሁሉ በራሱ አይጠፋም

ባለፈው ሳምንት «ካንሰር ያልሆነ የልጆች የመንጋጋ እጢ ልጁ ሲያድግ በራሱ ስለሚጠፋ ሕክምና አያስፈልገውም» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጽሑፉን ያነበቡ አንድ እናት ፒያሳ ክሊኒካችን ድረስ መጥተው «ታዲያ የልጄን ቀጠሮ ልተወው?» ሲሉኝ ደነገጥኩ። አይተዉት።

ያልኩት የሚሠራው ለቼሩቢዝም ነው፤ በአብዛኛው በዘር የሚመጣ፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ሁለቱንም ጉንጭ የሚያሳብጥና ከጉርምስና በኋላ ብዙ ጊዜ እየቀነሰ የሚሄድ ሕመም ነው። አሜሎብላስቶማ የተባለው የመንጋጋ እጢ ግን ሌላ ነው። ካንሰር ባይሆንም አጥንት እየበላ ይሰፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው መንጋጋ። ሳያም ስለሚያድግ ወላጅ «ጥርስ እያወጣ ነው» ብሎ ይዘናጋል (እኛም ባለሙያዎቹ አንዳንዴ)። የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ አንድ ከረጢቱ ዓይነት ሲሆን፣ አንዳንዴ መንጋጋውን ሳይቆርጡ ጠርጎ ማውጣት ይበቃል፤ ሊመለስ ስለሚችል ግን ክትትሉ ለዓመታት ነው።

«ራጅ ይበቃል» ያልኩትም ልክ አይደለም። ራጅና ሲቲ ስካን ስፋቱን ያሳያሉ፤ ምንነቱን የሚለየው ከእጢው የሚወሰድ ናሙና ምርመራ ነው። በቀናት ውስጥ የሚያብጥ መንጋጋ ደግሞ ቡርኪት ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ለእሱ ቀጠሮ አይጠበቅም።