በጀት ከጸደቀ በኋላስ?

የፓርላማ የበጀት ኮሚቴ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊው ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። ረቂቁ ይመጣል፣ መሥሪያ ቤቶች ይጠየቃሉ፣ ድምፅ ይሰጣል። ግን እዚያ ላይ አቆመው። ለእኔ ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

በሂሳብ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሆነውን አውቀዋለሁ። "ገንዘቡ ተመላሽ ከሚሆን የሆነ ነገር ይገዛ" ይባላል። አንዴ በዚህ ጥድፊያ የተገዙ ፕሪንተሮች ከነካርቶናቸው መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጡ አይቻለሁ። በጣም ነው ያናደደኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ልክ ነው። ደረሰኝ አለ፣ ፊርማ አለ።

ይህን ፈልፍሎ የሚያወጣው ኦዲተር ነው። በብዙ አገር ግን ኦዲተሩ ሪፖርት ከማቅረብ አልፎ መቅጣት አይችልም። የፓርላማ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ፊት ለፊት አስቀምጦ "ማን ፈረመ? ለምን? መቼ ይስተካከላል?" ካላለ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ጠይቆ መተውም አይበቃም፤ ከወራት በኋላ መልሶ መጥራት አለበት።

ለምሳሌ እንግሊዝ እንዲህ የሚጠይቀውን የፓርላማ ኮሚቴ፣ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴዋን፣ ያቋቋመችው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው። ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ፓርቲ ነው የሚመጣው። ኮሚቴው ፖሊሲው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ አይከራከርም። ጥያቄው ገንዘቡ በአግባቡ ወጣ ወይ፣ ያወጣነውን ያህልስ አገኘንበት ወይ ነው። ይህ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል፤ የራሱን ሰዎች የሚመረምር ሰብሳቢ ጥያቄው ቶሎ ያልቅበታል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ጽሑፍህ ኮሚቴዎች ከሰጡት ማሳሰቢያ ስንቱ እንደተፈጸመ ጻፍልን።