ሲዘጋ የሚሞላው ቤት

አሜሪካኖች ዳይነር ይወዳሉ። የሚወዱት ግን ከሩቅ ሆነው ነው።

ዳይነር ማለት የባቡር ፉርጎ የመሰለ፣ የማይዝግ ብረት የለበሰ ምግብ ቤት ነው። የድሮዎቹ ፋብሪካ ተሠርተው፣ በመኪና ተጭነው መጥተው ነው መሬት የያዙት። ዘራቸው ሲቆጠር ግን ጋሪ ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1872 ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው በሮድ አይላንዷ ፕሮቪደንስ፣ ለሌሊት ሠራተኞች በፈረስ ጋሪ ምግብና ቡና መሸጥ ጀመረ።

ሜኑው መጽሐፍ ያክላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቁርስ ማዘዝ ይቻላል። ፓንኬክ፣ ስቴክ፣ ስፓጌቲ፣ የግሪክ ሰላጣ ሁሉ አለ (ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ ግሪኮች ናቸው)። አስተናጋጇ ስምህን ሳትጠይቅ «የኔ ማር» ትልሃለች። ቡናህ ጎደል ሲል ትሞላልሃለች። አቦሉም በረካውም ያው እጣቢ ነው፤ ግን የምትከፍለው የአንድ ስኒ ነው፣ ሦስት ሰዓት ብትጎለትም የሚገላምጥህ የለም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ በአንድ ቡና ወንበር ይዞ ሲውል የቤቱ ኪራይ ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም። ፈጣን ምግብ ደንበኛውን ወሰደ፤ ኮቪድ ደግሞ የብዙዎቹን የሌሊት ሥራ አስቀረ። ግሪኮቹም እንቁላል ጠብሰው ልጆቻቸውን ሐኪም አደረጉ። ሐኪሙ እንቁላል አይጠብስም፤ ይልቁንም አባቱን «ኮሌስትሮልህን ተጠንቀቅ» ይላል።

ፖለቲከኞቹማ አይነሱ! የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደርስ ኒው ሃምፕሸር በምትባለው ግዛት ዳይነር ሳይረግጥ የሚያልፍ ዕጩ ብርቅ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሳሳቃል። ካሸነፈ ባንኮኒውን ዳግመኛ የሚያየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ ባለችው፣ የሀበሻ ሰፈር በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የነበረው ቴስቲ ዳይነር በ2023 ተዘጋ። ስንቶቻችን በበሩ አልፈን ወደ ክትፏችን ሄደናል!

እንዲህ ያለ ቤት ሊዘጋ ነው ሲባል ነው ጉድ የምታዩት። ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። ቀዩ ወንበር ፎቶ ይነሳል። አንዱ «ያደግሁበት ቤት እኮ ነው!» ብሎ እንባውን ይጠርጋል። ከዚያ አስተናጋጇን ጠጋ ብሎ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃል።