ወፉን አንሱት እንጂ አታስነሱት

ጎንደር ካሜራ ያለው ሰው አታጣም። ቅዳሜና እሁድ ፋሲል ግቢ አካባቢ ብትቆሙ ሙሽራና ሚዜ አሰልፎ «ቀና በሉ፣ ፈገግ!» የሚል ወጣት መኖሩ አይቀርም። ጥምቀት ሲመጣማ ከምዕመኑ ሌንሱ ይበዛል። ከእነዚሁ ልጆች አንዳንዶቹ አሁን አሁን በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገው ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ጣና ሰሜን ዳርቻ መውረድ ጀምረዋል። የውሃ ወፍ ለማንሳት። መንገዱ ሰላም ሲሆን እኔም ከሚወርዱት ውስጥ ነኝ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ነገሩ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ላይክ የሚጎርፍለት የወፍ ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መንጋው ባንዴ ብር ብሎ ሲነሳ፣ ሰማዩ በክንፍ ሲሸፈን። ከሥሩ «ዋው» እና የእሳት ምልክት ይደረደራል። ወፎቹ ለምን ተነሱ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ብዙ ጊዜ አንዱ ድንጋይ ወርውሮ ነው። ወይ አጨብጭቦ ነው። ወይ ደግሞ ባለጀልባው «ይነሱልህ?» ብሎ፣ መልስም ሳይጠብቅ፣ ሞተሩን አስጩኾ ወደ መሃላቸው ነድቶ ነው።

ይሄ ነገር ይቅር ባይ ነኝ። ወፉን ይጎዳል፣ ፎቶውንም ያበላሻል። ከፎቶው ልጀምር። የኛ ሰው ቶሎ የሚሰማው እሱን ነው።

የፈራ ወፍ ካስፈራው ነገር ይሸሻል። ያስፈራው ማን ነው? እናንተ። ስለዚህ የምታገኙት ጀርባ፣ ጅራትና የተንጠለጠለ እግር ነው። ዓይን የለም። ዓይኑ የማይታይ ወፍ ደግሞ በስልክ ስክሪን ላይ ብዛቱ ለአፍታ ያስደንቅ ይሆናል፣ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ግን ማንም ቆሞ አያየውም።

በራሱ ጊዜ የሚነሳ ወፍ ሌላ ነው። እሱ ነፋሱ ወደሚመጣበት ዞሮ ነው የሚነሳው፤ አዘዞ ኤርፖርት እንደሚነሳው አውሮፕላን። ከፊት የሚመጣው ነፋስ ክንፉን ስለሚያነሳለት ድካሙ ይቀንሳል። እንግዲህ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ከተቀመጣችሁ፣ ወፉ ፊቱን ወደናንተ አድርጎ ይነሳል። ሐይቅ ዳር ይሄ የሚሳካው በማለዳ ነው። ሌሊት መሬቱ ከውሃው ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ጎህ ሲቀድ ቀለል ያለ ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ዳር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከጀርባው መሆኑ ነው። ረፋዱ ላይ ይገለበጣል። ነፋሱ ከሐይቁ መምጣት ሲጀምር ወፉም ጀርባውን ይሰጣችኋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታውን የያዘና ቁርሱን በልቶ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘው አይመለሱም። የኋለኛው «ወፍ የለም» ብሎ ነው የሚመለሰው። እውነቱን ነው፣ ወፍ የለም።

ፀሐይም የራሷ ጣጣ አላት። ጎርጎራ ሰሜን ዳርቻ ላይ ስለሆነች ውሃውን ስታዩ ወደ ደቡብ ነው የምታዩት። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። ቀጥ ብላችሁ ወደ ሐይቁ ካነጣጠራችሁ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣና ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጎርጎራ ወደ ውሃው የገባች ልሳነ ምድር መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጠዋት የምዕራቡን ጎን ያዙ፣ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ትመጣለች። ወይ በጀልባ ገባ በሉና ወደ ዳሩ ዞራችሁ አንሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀመጥ ነው። የሚነሳ ወፍ አስቀድሞ ያስታውቃል። መልቀሙን ይተዋል። ወደ ነፋሱ ይዞራል። አንገቱን ወደፊት ይሰግጋል። ብዙዎቹ ኩሳቸውን ጣል አድርገው ነው የሚነሱት፤ ያንን ስታዩ ጣታችሁን ከመጫኛው ላይ እንዳታነሱ።

ሻላን (ፔሊካንን) ልብ ብላችሁ እዩት። ትልቁ ነጭ ሻላ ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ዝም ብሎ ብድግ አይልም። ክንፉን ገልጦ በሁለት እግሩ ባንድ ላይ ውሃውን እየረገጠ ይንደረደራል። እርግጫው ባረፈበት ሁሉ ውሃው ላይ ክብ ይቀራል፤ ከኋላው የክብ ሰልፍ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ፍጥነት ሲያገኝ ይራራቃሉ። መጨረሻ ላይ የክንፉ ጫፍ ውሃውን ይዳስስና ጠብታው በአየር ላይ ይበተናል። ይሄን ለመያዝ የ1/1600 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ይበቃል። ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ስትወረወር ግን 1/3200 አድርጋችሁም ሊያመልጣችሁ ይችላል። ነጭ ወፍ ላይ ደግሞ ካሜራው እንዳይሸውዳችሁ። ጥቁሩን ውሃ አይቶ ጨለማ ስለሚመስለው ብርሃን ይጨምራል፣ የሻላው ላባ ይጠፋና ነጭ ብቻ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ዝቅ አድርጉ፣ በራው ፋይል (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፎቶ) አንሱ፣ አለቀ።

«ሌንስ የለኝም፣ ለዚህ ነው የምጠጋው» የሚል አለ። ይገባኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሌንስ ዋጋ አይቀመስም። እጃችን ላይ ያለው ሠርግ የምናነሳበት ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌንስ ነው። እኔ ግን እሱ ይበቃል እላለሁ። ካሜራው ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ አነስ ያለ፣ ከሆነ 200ው የ300 ያህል ያቀርብላችኋል። ወፉ ፍሬሙን አይሞላም፣ እሺ። አይሙላ! በትልቅ ሌንስ የተነሳ፣ ጀርባው አረንጓዴ ጭጋግ የሆነ የወፍ ፎቶ የትም አገር ሊነሳ ይችላል። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ ያ ፎቶ ግን አገር የለውም። በ200 ስታነሱ ሻላው አጠገብ ደንገሉ ይገባል፣ ታንኳው ላይ መረቡን የሚሰበስበው ዓሣ አጥማጅ ይገባል፣ ከኋላ ዛፍ የከበበው ደብር ይገባል። ከዚህ ሌላ ጣና የሚባል ነገር አለ?

የባህር በር ጉዳይ በየቦታው በሚወራበት በዚህ ጊዜ፣ በር ባይኖረንም የባህር ወፍ እንዳለን ላስታውስ። በበጋ ጣና ላይ የሚዞሩት ሲጋል የሚባሉ የባህር ወፎች ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡ አሉባቸው። ዓሣ ወደሚራገፍበት ቦታ ራሳቸው ይመጣሉ። ማስነሳትም ማባበልም አያስፈልግም፣ ለልምምድ ከእነሱ የተሻለ የለም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። በጥቅምትና በኅዳር ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በሺዎች ይወርዳሉ። ክሬን ይባላሉ። ኢስቶኒያን ከመሳሰሉ የሰሜን አገሮች መከታተያ ታስሮላቸው የተለቀቁ ክሬኖች እኛ አገር ሲከርሙ ታይተዋል። መንገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ የሚከርሙት ከአጨዳ የተረፈውን እህል እየለቀሙ ነው። የለቀሙት ስብ ሆኖ በየካቲትና በመጋቢት ለመመለሻው ስንቅ ይሆናቸዋል። ክንፍ እየመቱ መነሳት ደግሞ ወፍ ጉልበቱን ከሚጨርስባቸው ሥራዎች ዋናው ነው። አንድ ጊዜ ብታስነሷቸው ምንም አይሆኑም፣ ልክ ነው። ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሌላው ይመጣል፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላው። ሁሉም «እኔ አንዴ ብቻ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ገበሬው ማሳው ዳር ማማ ሠርቶ፣ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ወፍ ሲያባርር የሚውል አይደለም ወይ? ነው። ሽምብራው ስለሚበላበት። የዓመት ቀለቡ ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። እኛ ምን ተበላብን?

የባሰው ክረምት ላይ ነው። ጭንቅላቷ ላይ የወርቅ ዘውድ የምትመስል ላባ የደፋችው ክሬን እንግዳ አይደለችም፣ እዚሁ የምትኖር ናት። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። በዝናቡ ወራት ረግረጉ ውስጥ ትፈለፍላለች። ከጎጆዋ ካስነሳችኋት እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። የጎጆ ፎቶ አታንሱ ነው የምለው። በስህተት ብታገኙም ቦታውን ቴሌግራም ላይ አትጻፉ። ረግረጉም ቢሆን እየጠበበ ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ክፉኛ ተጎድቷል። ክፍት ዳር በጠበበ ቁጥር ወፉም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ፎቶ አንሺውም አንድ ቦታ ላይ ይጣበባሉ።

ጎንደር ወፍን በሥዕል በማስቀረት የቆየ ታሪክ አላት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ይዞ ነበር። ባሉጋኒ እዚሁ ጎንደር ነው የሞተው፣ ሥራውን ግን ብሩስ የራሱ አድርጎ አወራ። ከአገሩ ወፎች ውስጥ የሣሏት አንዷ ነጭ ገላ፣ ጥቁር ራስና ቆልማማ ምንቃር ያላት አይቢስ የምትባል የውሃ ወፍ ናት። ብሩስ የጥንት ግብፆች ከሚያመልኳት ወፍ ጋር አንድ መሆኗን ተናግሯል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ብሩስ ከተጓዦቹ ምግብ መሃል ሥጋ የነጠቀውን አጥንት ሰባሪ አሞራ በጥይት መትቶ ነው የመዘገበው። በዚያ ዘመን ወፍ በደንብ ለማየት መግደል የተለመደ ነበር። የኛ ካሜራ በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳል። ድንጋዩን ምን አመጣው?

ድሮንን በሁለት መስመር ልለፈው። ያለፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። በዚህ ጊዜ እኛ አካባቢ ደግሞ የድሮን ድምፅ የሚያስደነግጠው ወፉን ብቻ አይደለም።

ብቻዬን ብሰብክ ግን ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው ባለጀልባዎቹ እጅ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ሞተር አያጠፋም። ባለጀልባው መንጋ መሃል የሚገባው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ደንበኛው የሚደሰተው በዚያ ነው፣ ጉርሻውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ቶሎ አስነስቶ፣ ቶሎ አሳይቶ፣ ቶሎ መልሶ ሌላ ሰው መጫን ያዋጣዋል። እኛ ደግሞ በጉዞ ነው የምንከፍለው፣ በሰዓት አይደለም። እንዲህ ሆኖ እንዴት ቁጭ ብሎ ይጠብቅልን?

ስለዚህ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በሰዓት ይሁን። ወፎቹ አንገታቸውን ቀና ካደረጉ እዚያው እንዲቆም፣ እንዳይጠጋ ንገሩት። ሞተሩ ጠፍቶ ለምትቀመጡበትም ሰዓት እንደምትከፍሉ አስረዱት፤ መጀመሪያ ይስቅባችኋል። ከተቻለ ጀልባውን ተዉትና ከደንገል የተሠራች ታንኳ ያለው ሰው ፈልጉ። ታንኳ ድምፅ የላትም፣ ወፎቹም ለምደዋታል፣ ቁመቷ ዝቅ ስለሚል ካሜራችሁ ከወፉ ዓይን ጋር እኩል ይሆናል። ካሜራውን ግን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ደንገሉ ውሃ ያስገባል።